ማማው ላይ የሰቀልኩት ጭልፊት

ስልኬ መልእክት ሲገባለት እንደ ወፍ ያፏጫል። እንዲህ አድርጋ ያስተካከለችልኝ ልጄ መቅደስ ናት፣ ወደ ሱዳን ልትሻገር ሳምንት ሲቀራት፣ «እማ፣ አንቺ ያለ ወፍ አይሆንልሽም» ብላ ስቃብኝ። ያ ፉጨት በተሰማ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የካርድ ማስታወቂያ ሆኖ ይገኛል። ስልኩን እንደጨበጥኩ ቁጭ ስል ከፉጨቱ ኋላ ሌላ ድምፅ ይመጣብኛል፣ ዝናብ የሚመስል ግን ዝናብ ያልሆነ፣ ከሩቅ ሽሽሽ ብሎ ጀምሮ እየቀረበ ሲመጣ ሰማዩ ላይ ሸራ የሚጎተት የሚመስል፣ የግሪሳ ወፍ ክንፍ ድምፅ። አርባ ዓመት አልፎኝም ያ ድምፅ እንደ ልጅነቴ ከተቀመጥኩበት ያስነሣኛል።

ያደግሁት ከመተማ ዮሐንስ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ የእርሻ መንደር ነው። አባቴ መሬት ፍለጋ ከጎጃም ሲመጣ እናቴ እኔን አርግዛ ነበር፣ እዚሁ ቆላ ወለደችኝ፤ ከእኔ በኋላ የመጡት ልጆች አልሰነበቱላቸውም፣ ስለዚህ ቤታችን የሦስት ሰው ቤት ነበር። ትምህርት ሦስት ክፍል ተምሬ ነው ያቆምኩት፣ እንግዲህ የምጽፈውም እንደ መጣልኝ ነው።

ክረምት ሲገባ ዋልካው ጭቃ እግራችንን ይዞ አልለቅም ይል ነበር። አንዱን እግር ነቅለን ሌላውን እየተከልን፣ ባንድ ወገን ሰሊጥ፣ ባንድ ወገን ማሽላ ዘርተን፣ ከአረሙ ጋር ስንታገል እንከርም ነበር። ሰሊጡ ለገበያ ነው፣ ማሽላው ግን የዓመት ቀለባችን ነው። አባቴ ወገቡን ቀና ሲያደርግ፣ «ሰሊጥ ቢጠፋ ይከፋናል፣ ማሽላ ቢጠፋ ይርበናል» ይል ነበር፣ እናቴም «ታዲያ አጎንብስ» ትለው ነበር።

በዚያ አገር ወፍ ማለት ሌባ ማለት ነው። ልጅ ሁሉ ወፍን የሚያውቃት ከጀርባዋ ነበር፣ ስትሸሽ፣ ድንጋይ ሲከተላት። ማሽላው እሸት ሲይዝ አባቴ እርሻው መሐል አራት ረዣዥም እንጨት ተክሎ፣ ላዩን ረብርቦ ማማ ይሠራልኝ ነበር፤ ከማማው እስከ እርሻው ዳር የቃጫ ገመድ በየአቅጣጫው ዘርግቶ፣ ጠጠር የጨመረባቸውን ባዶ ጣሳዎች ያንጠለጥልበታል፤ እኔ ላይ ሆኜ ገመዱን ስስብ እርሻው ሁሉ ይንኳኳል፣ ግሪሳውም ደንግጦ ብድግ ይላል። ግሪሳ የሚወርደው ማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፣ ቀትር ላይ ዛፍ ውስጥ ገብቶ ያርፋል። ሰዓት የሚባል ነገር ቤታችን አልነበረምና ጊዜውን የማውቀው ጥላዬን አይቼ ነበር፤ ጥላዬ ሲያጥር እወርዳለሁ፣ ሲረዝም ተመልሼ እወጣለሁ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ መስከረም ላይ፣ አባቴ ከመተማ ገበያ ሲመለስ ጥቅል ወረቀት በብብቱ ሸጉጦ መጣ። ሰሊጣችንን የሚረከቡ ሐጂ ኑር የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፣ ሰፊ ጀላቢያ የሚለብሱ፣ ገበሬ ሲመጣባቸው ከወንበራቸው የሚነሡ ሰው፤ እሳቸው ናቸው ከሱቃቸው ግድግዳ አውርደው የሰጡት፣ ዓመቱ ያለፈበት ካላንደር። እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ጨው አምጣ ብልህ ወረቀት ይዘህልኝ መጣህ?»

«ጨውም አምጥቻለሁ። ይኸ ምርቃት ነው።»

«ያውም ዓመቱ ያለፈበት።»

«ዓመቱ ቢያልፍ ወፎቹ አላለፉ!» አለና መደቡ ላይ ዘረጋው።

አሥራ ሁለት ቅጠል፣ አሥራ ሁለት ወፍ። ከየዓለሙ የተነሡ ፎቶዎች ናቸው። ሐጂ ኑር እንደነገሩት ሥራቸው ወፍ ፎቶ ማንሳት ብቻ የሆነ ሰዎች አሉ፣ ጫካ ገብተው፣ ድንጋይ ሳይወረውሩ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ቀኑን ሙሉ አንዲት ወፍ የሚጠብቁ። እናቴ ይህን ስትሰማ «መጠበቅስ እኛም እንጠብቃለን፣ የኛን ማን ካላንደር ያደርግልናል» አለች። እኔ ግን ከወረቀቱ መነሣት አቃተኝ። ወፍ ፊት ለፊት ስታየኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የማትሸሽ፣ የፈለግሁትን ያህል ቆማ የምትታየኝ ወፍ።

ቅጠሉን ሁሉ እየገነጠልን በሸምበቆው ግድግዳ ላይ በእሾህ ሰካነው። ስማቸው በዐረብኛና በሌላም ፊደል ተጽፎ ነበር፣ ማናችንም ስለማናነበው ስም አወጣንላቸው። እግራቸው ሸምበቆ የሚያህል፣ ሮዝ ነጠላ የለበሱ የሚመስሉ ወፎች ውሃ መሐል ቆመው ነበር፣ ከሥራቸው ያው ራሳቸው ተገልብጠው እየታዩ፤ አንገታቸውን ደፍተው ስለተሰበሰቡ «እድርተኞቹ» አልናቸው። ጥቁር ካባ ደርበው፣ ነጭ ሆዳቸውን ገልጠው እንደ ሰው የተሰለፉም ነበሩ፤ የቆሙበትን ነጭ ሜዳ እናቴ ጨው ነው አለች፣ አባቴ በረዶ ነው አለ፣ በዚህ ሲከራከሩ ሰነበቱ። ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ አንዲት ደግሞ አበባ ፊት አየር ላይ ቆማ ነበር፣ ክንፏ ጢስ መስሎ። ዓሣ ነክሳ ከውሃ የምትወጣ ሰማያዊ ወፍም ነበረች፣ ዙሪያዋን የውሃው ጠብታ እንደተበጠሰ ጨሌ ተበትኖ፤ እኔ ያ ጠብታ መሬት እስኪወርድ እጠብቅ ነበር፣ ዞር ባልኩ ቁጥር የሚወርድ እየመሰለኝ። ጭልፊቱ ደግሞ ቅጠሉን ሁሉ ሞልቶ፣ ቢጫ ዐይኑን እኔው ላይ ተክሎ ነበር። ወዲህ ብሄድ ያየኛል፣ ወዲያ ብሄድ ያየኛል፤ እሱ ባለበት ወገን ልብሴን አልቀይርም ነበር።

መጨረሻው ቅጠል ላይ ያለችውን እናቴ ወዲያው አወቀቻት። ግሪሳ ናት።

«ሌባው እዚህም ደረሰ?» አለች እናቴ። «ቀን እርሻዬን ሲበላ ውሎ ማታ ቤቴ ሊያድር!»

ቅጠሉን አጥፋ ከመደቡ ምንጣፍ ሥር ከተተችው። እኔ ግን እሷ ውሃ ስትወርድ እያወጣሁ አየው ነበር። ግሪሳን ያየኋት ደመና ሆና ነው እንጂ አንዲቷን ለብቻዋ አይቻት አላውቅም ነበር። ምንቃሯ በደማቅ ቀይ ቀለም የተነከረ ይመስላል፣ በዐይኗ ዙሪያ ቀጭን ቀለበት አላት፣ ደረቷ የገለባ መልክ። ይህን ያህል ቆንጆ መሆኗን ማንም አልነገረኝም ነበር።

አባቴ ግን የወደደው ሌላ ቅጠል ነበር፣ አሸዋ ላይ በውሃ ዳር የምትሮጥ ምንቃረ ረጅም ትንሽ ወፍ ያለችበትን። ከወረቀቱ ግርጌ፣ አሸዋው ላይ፣ ፎቶውን ያነሣው ሰው ጥላ ወድቆ ይታያል፣ ሁለት እጁን ወደ ፊቱ እንዳነሣ። እኔና እናቴ ልብ ሳንለው አባቴ ነው ያሳየን።

«ፀሐይ ከኋላው ናት፣ ጥላውም ረዝሟል። ወይ ማለዳ ነው ወይ ሠርክ። ወፏንማ ማንም ያያታል፣ እኔን ያሳሰበኝ ይኸ የቆመው ሰውዬ ነው። የማን ልጅ ይሆን? የት እንዳለ ቤተሰቦቹ ያውቃሉ?»

«ምን አገባህ?»

«እንዲያው ነዋ። ፊቱን ሳያሳየን ወፍ ብቻ ልኮልን ቀረ።»

በዚያው ሰሞን አንድ ፎቶ አንሺ ከጎንደር ወርዶ፣ ገበያው ዳር አበባ የተሣለበት መጋረጃ ሰቅሎ ነበር። በአጠገቡ ስናልፍ እናቴ ቆም አለችና ነጠላዋን እያስተካከለች «ሦስታችንም አንድ ላይ እንነሣ» አለች። አባቴ ሣቀ።

«እኔን ለማየት ምን ፎቶ ያሻል? ቀና ማለት ነው እንጂ!» አላት፣ አለፍን።

ጥቅምት ሲጋመስ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ሂላ ተደርጎ ቆመ፣ ማሽላውም እሸቱን ያዘ። እኔ ጎህ ሲቀድ ማማ ላይ ነበርኩ፣ በአንድ እጄ ገመዱ፣ በአንድ እጄ ጅራፉ፣ ጉሮሮዬ በጩኸት ተዘግቶ። አንድ ማለዳ ጭልፊቱን ከግድግዳው ነቅዬ፣ በግራር ሙጫ ካርቶን ላይ ለጥፌ፣ ማማው አናት ላይ በእንጨት ሰቀልኩት። እኔን ካስፈራኝ ግሪሳን እንዴት አያስፈራም አልኩ። የዚያን ዕለት የግሪሳው ደመና ወደኛ መጣ መጣና እላያችን ሲደርስ ታጥፎ በጎረቤታችን በአያ ይመር እርሻ ላይ ወረደ። አያ ይመር የወሎ ሰው ነው፣ ተቆጥቶም ቢሆን ይቀልዳል፤ ሠርክ ላይ ከማማው ሥር ቆሞ ጮኸ።

«ቢሻው! ጭልፊትህ ሥጋ አይበላም እንዴ? በሞቴ ለእኔ ቤት እራት ላከው፣ ግሪሳ እኔ ጋ ሞልቷል!»

«ጭልፊት አይዋስም፣ አያ ይመር!» አለው አባቴ።

«እንግዲያስ ልጅቱን ዳርልኝ፣ ጭልፊቱን ይዛልኝ ትመጣለች!»

ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። አባቴ ለተገኘው ሰው ሁሉ «የኔ ልጅ ጭልፊት ቀጥራለች» እያለ ያወራ ነበር፣ እኔም ቁመቴ የጨመረ ይመስለኝ ነበር። ገመዱንም ጅራፉንም እንደ ድሮዬ እሠራባቸው ነበር እኮ፤ ግን ምስጋናውን ሁሉ ለጭልፊቱ ሰጠነው።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለልጄም ቢሆን። በአራተኛው ቀን ማለዳ አንዲት ግሪሳ ብቻዋን መጥታ ካርቶኑ ጠርዝ ላይ፣ ልክ ከጭልፊቱ ራስ በላይ አረፈች። በእጄ ልደርስባት እችል ነበር። እነዚያ ሐጂ ኑር የነገሩን ሰዎች ትዝ አሉኝና ትንፋሼን ያዝኩ። ቀይ ምንቃሯ፣ የዐይኗ ቀለበት፣ ሁሉም እንደ ፎቶው ነበር። ወዲያና ወዲህ አየች፣ ጎንበስ አለችና ምንቃሯን የጭልፊቱ ግንባር ላይ ጠረገች፣ አንዴ በዚህ ጎን፣ አንዴ በዚያ ጎን። ከዚያ በረረች። ገመዱ በእጄ ነበር፣ አልሳብኩትም። ለአባቴም አልነገርኩትም። ብነግረው ጭልፊቱ ውሸት መሆኑ ነው፣ ስሜም ከገበያው ይወርዳል።

በማግሥቱ እናቴን ወባ ጣላት። ሰሊጡን ሊያራግፉልን የተስማሙት ሳሉጎች፣ እነዚያ ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱ ሠራተኞች፣ ሰፊ እርሻ አግኝተው ወደ አብደራፊ ሄዱ። ሂላው ደርቆ ፍሬው አፉን ከፍቷል፣ ነፋስ ከመጣ መሬት ላይ ነው የሚፈሰው። አባቴ ጎህ ሲቀድ ማማው ሥር ቆሞ ወደ ላይ አየኝ።

«እንጉዳይ፣ ለሰሊጡ እጅ አጥሮኛል። ጭልፊቱ ለአንድ ጠዋት ይበቃል?»

ከላይ ሆኜ ፊቱን አየሁት። እንቅልፍ አልጠገበም፣ ከንፈሩ ደርቋል። የሚፈልገውን መልስ ያወቅሁ መሰለኝ።

«ይበቃል» አልኩት፣ ወረድኩ።

ሸራ ዘርግተን፣ ነዶውን እየገለበጥን በዱላ መታ መታ ስናደርገው ሰሊጡ ሸራው ላይ ሽሽሽ እያለ ይወርድ ነበር። ዝናብ ይመስላል። ምን ልበላችሁ፣ ያ ነው የበላን፣ የሰሊጥ መርገፍም ዝናብ ይመስላል፣ ግሪሳም ሲወርድ ዝናብ ይመስላል። አባቴ አንድ ጊዜ እጁን ገትቶ «ይሰማሻል?» አለኝ፣ እኔም ጆሮዬን ሰጥቼ «ሰሊጡ ነው» አልኩት። ሁለተኛ ሲገታ ግን እጃችን ቆሞም ድምፁ አልቆመም።

ሮጠን ስንደርስ ማሽላው በግሪሳ ክብደት ጎንበስ ብሎ ነበር፣ እርሻው መልኩን ለውጦ፣ መሬቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ መስሎ። አባቴ እየጮኸ ገባ፣ ገመዱን ሳብኩ፣ ተነሡ፣ ፀሐይዋን ጋርደው ዞሩና ማዶ ሄዱ። ከሄዱ በኋላ ማሽላው ቀና አለ፣ ቀለለውና። ባዶ አገዳ ነበር። ጭልፊቱ ከማማው አናት ላይ ዐይኑን አፍጥጦ ነበር፣ ፊቱ በኩስ ነጥቶ። አባቴ ወጥቶ አወረደው፣ በጋቢው ጠርዝ ፊቱን ጠረገለትና ሰጠኝ።

«እሱ ምን ያድርግ፣ ዐይን እንጂ ክንፍ የለው» አለኝ።

ይህን ብሎ ወደ ሰሊጡ ተመለሰ። ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

ማሽላ በሌለበት ዓመት ሰሊጥ ብቻውን ሦስት ሰው ክረምት አያሻግርም። ኅዳር ሲጋመስ አባቴ ከሌሎች ወንዶች ጋር ለአጨዳ ሥራ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ሊሻገር ተነሣ። «ለጥምቀት እደርሳለሁ» አላት እናቴን። ከግድግዳው ያን የሚወደውን ቅጠል ነቅሎ፣ አራት አጥፎ ኪሱ ከተተና «ይኸን ሰውዬ እዚያ ካገኘሁት ፊቱ ምን እንደሚመስል እነግርሻለሁ» አለኝ። እኔና እናቴ እስከ ደረቁ ወንዝ ሸኘነው። የያቺን ግሪሳ ነገር አሁን ልንገረው፣ አሁን ልንገረው እያልኩ፣ ማፈሬ በልጦ አንገቴን እንደደፋሁ ቀረሁ። ሲስመኝም ቀና አላልኩም። ሐሩሩን ሸሽተው ሠርክ ላይ ነበር የተነሡትና ጥላው በእኔ በኩል ተዘርግቶ ነበር፤ ሲሄድ ያየሁት እሱን ነው፣ እየራቀ፣ ከእግሬ እየተነሣ የሄደውን ጥላ።

ጥምቀት አለፈ። ሐሩሩ መጣ፣ ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ፣ አብረውት የሄዱት አንድ በአንድ ተመለሱ። አንዱ «እርሻ ላይ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» አለ፤ አንዱ «አሞት ነበር» አለ፤ አንዱ «ወደ ፖርት ሱዳን ከሄዱት ጋር ሳይሆን አይቀርም» አለ። ለፋሲካ እናቴ ለእሱ ድርሻ አስቀመጠች፣ ማንም ሳይነካው ተበላሸ። ከዚያ በኋላ እኔን አስከትላ መተማ ዮሐንስ ከሱዳን የሚያገናኘው ድልድይ ጋ እየሄደች ከማዶ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ትጠይቅ ጀመር። «ምን ይመስላል?» ይሏታል። «ረዘም ያለ፣ ጠይም፣ የጎጃም ሰው» ትላለች። ድልድዩ ላይ የሚያልፈው ግማሹ ረዘም ያለና ጠይም ነበር። ሐጂ ኑር አይተዋት ኖሮ ወደ ሱቃቸው ጠሯት።

«ልጄ፣ ፎቶውን ስጪኝ። ለሾፌሮቹ እሰጣቸዋለሁ፣ ገዳሪፍ ድረስ ያሳዩልሻል።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«የለንም፣ ሐጂ።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ከኋላቸው ግድግዳ ላይ የአዲሱ ዓመት ካላንደር ተሰቅሎ ነበር፣ ዘንድሮ የመኪና ነው። ቤታችን ያሉትን አሰብኩ። የዓለም ወፍ ፎቶ ነበረን፣ የአባቴ ግን አንድም አልነበረንም። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ሞቷል ብላ እርሟን አላወጣች፣ ይመጣል ብላ አልተጽናናች፤ ለቅሶ እንቀመጥለት ቢሏት «ማንን አይታችሁ?» ትል ነበር።

እኔ አግብቼ ገንዳ ውሃ ከተማ ገባሁ። ከቅጠሎቹ አብዛኞቹን ምስጥ በላቸው፣ የተረፉኝ ጭልፊቱና ከምንጣፍ ሥር የከረመችው ግሪሳ ናቸው። መቅደስን ያሳደግኋት በእነሱ ነው፤ እድርተኞቹን፣ ባለ ካባዎቹን፣ ጠብታዋን በአፌ እየሣልኩላት ታድግ ነበር። አባቷ ካረፈ በኋላ «ገዳሪፍ ሥራ አግኝቻለሁ» ስትለኝ እግሯ ሥር ወደቅሁ፣ «ያን መንገድ ብቻ ተይው» አልኳት። «እማ፣ ያኔ ስልክ አልነበረም፣ አሁን በየቀኑ ታዪኛለሽ» ብላ ሄደች። እውነትም መጀመሪያ በየቀኑ አያት ነበር። እዚያ ጦርነቱ ሲነሣ የምትሠራበት ቤት ሰዎች ሸሹ፣ እሷም ከእነሱ ጋር ወዴት ወዴት እንደሆነ ሄደች። ተመለሺ እንዳልላት እዚያም መንገዱ ያስፈራል፣ በእኛም በኩል ሰው ከመንገድ እየተያዘ ገንዘብ ይጠየቅበታል፤ የማላውቀው ቁጥር ሲደወል አማትቤ ነው የማነሣው።

ከዚያ ወዲህ ፊቷን መላክ ተወች። ወፍ ትልክልኝ ጀመር፣ ራሷ ያነሣቻቸውንም፣ በየዓለሙ ሰዎች አንሥተዋቸው ስልኳ ላይ ያገኘቻቸውንም። እድርተኞቹን አገኘቻቸው፣ ባለ ካባዎቹንም፤ «እማ፣ ሜዳው በረዶ ነው፣ አያቴ ተሸንፋለች» ብላ ጻፈችልኝ፣ ለብቻዬ ቁጭ ብዬ ሣቅሁ። ስልኩን ዐይኔ ድረስ አስጠግቼ ላባቸውን እቆጥራለሁ፤ ውበታቸው ለጊዜው ፍርሃቴን ያስረሳኛል፣ ይህንን አልክድም። ከዚያ ወዲያው «ፊትሽን ላኪልኝ» እላታለሁ። «ከስቻለሁ እማ፣ ትደነግጪያለሽ። ይልቅ ይቺን እያት» ትለኛለች፣ ሌላ ወፍ ትመጣለች።

የመጨረሻዋ የመጣችው ማሽላ እሸት በያዘበት ሰሞን ነው። አንዲት ግሪሳ፣ ብቻዋን፣ አሸዋ ላይ። «እማ፣ ጠላትሽን አገኘኋት። ደግሞ እንዴት ታምራለች!» ይላል ጽሑፉ። አሁን ክረምት ገብቶ ሰሊጥ ሊዘራ ነው፣ ስልኳ አይሠራም። እናቴ በቆመችበት ድልድይ እየሄድኩ ከማዶ የሚመጣውን እጠይቃለሁ፤ እሷ ፎቶ ስላልነበራት አለቀሰች፣ እኔ የመቅደስ ፎቶ ስልኬን ሞልቶት አለቅሳለሁ፣ ሁሉም አይቶ አይቶ ይመልስልኛል። ጎረቤቶቼ ሊያጽናኑኝ «ወፍ ልካልሽ የለ እንዴ፣ ደህና ብትሆን ነው እንጂ ወፍ ፎቶ ታነሣለች?» ይሉኛል። እኔም ራሴን እነቀንቅላቸዋለሁ፣ ጆሮዬ ላይ ግን የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ከማማው ላይ ሆና «ይበቃል» ስትል እሰማታለሁ።

ያቺን ፎቶ ስንት ጊዜ እንዳየኋት አላውቅም፣ ወፏን ብቻ ነበር የማየው። በቀደም በጣቴ ሳሰፋት ከግርጌው፣ አሸዋው ላይ፣ ጥላ አገኘሁ። ሁለት እጇን ወደ ፊቷ አንሥታለች፣ ሻሿ በነፋስ ተነሥቷል። ፀሐይ ከኋላዋ ናት፣ ጥላዋ ረዝሟል፤ ወይ ማለዳ ነው ወይ ሠርክ፣ ግሪሳ የሚወርድበት ሰዓት። ከስታ እንደሆነ በጥላ አይለይም። ጣቴን በጥላዋ ላይ አስኬደዋለሁ፣ ምስሉ ይሸሻል፣ መልሼ አመጣዋለሁ።

ያን ጊዜ ገመዱ በእጄ ነበር፣ ወፏ አማረችኝና አልሳብኩትም። ዛሬ ዐይኔን ሳልነቅል እጠብቃለሁ፣ በእጄ ላይ ግን የሚሳብ ገመድ የለም፣ ይቺ ስልክ ብቻ ናት። ያን ጊዜ አባቴ ሊሄድ ቆሞ ሳለ አንገቴን ደፋሁ። አሁን ካርድም ይሁን ማስታወቂያ፣ ባፏጨ ቁጥር ቀና እላለሁ።